አራቱን አቋሞች ተማርኩ፤ ግን በቆምኩ ቁጥር እጄን እመታለሁ (የጀርመን ረጅም ሰይፍ)

አዲስ_ገቢ (ኑረምበርግ)

ሰላም ለሁላችሁ። ከስድስት ወር በፊት አንድ የሥራ ባልደረባዬ እየጎተተ የመካከለኛው ዘመን የሰይፍ ፍልሚያ የሚያስተምር ክለብ ወሰደኝ። ለሳቅ ነበር የሄድኩት። አሁን ሐሙስ እስኪደርስ ቀን የምቆጥር ሰው ሆኛለሁ። ባለቤቴ ትመስክር።

የምንማረው ረጅም ሰይፍ የሚባለውን ነው። ቀጥ ያለ፣ በሁለት በኩል ስለት ያለው፣ በሁለት እጅ የሚያዝ። የምንለማመድበት ብረት ፌደር ይባላል። ስለት የለውም፤ ሲወጉበት ይለመጣል። ክብደቱ አንድ ኪሎ ተኩል አይሞላም። "ይቺማ ምን አላት" ብዬ ነበር። ከጭንቅላቴ ጎን ይዣት ሁለት ደቂቃ ስቆም ትከሻዬ መለሰልኝ።

ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። አራት መሠረታዊ አቋሞች አስተማሩን። ፎም ታግ፣ ኦክስ፣ ፕፍሉግ፣ አልበር። መስታወት ፊት ስቆም ያምርብኛል። ፎቶ ተነስቼ ለእናቴ ልኬላት "ልጄ ምን ነካህ?" ብላ ደወለች። ግጥሚያ ላይ ግን ሌላ ነው። ኦክስ ላይ እቆማለሁ። ተጋጣሚዬ ትመጣለች። ጧ! እጄን። እንደገና እቆማለሁ። ጧ! እዚያው ጣት ላይ። አውራ ጣቴ አሁን የበሰለ ቲማቲም መስሏል።

አስተማሪያችን ሲያየኝ ቆየና "እየተጋጠምክ አይደለም፤ ፎቶ እየተነሳህ ነው። አትቁም!" አለኝ። እሺ፣ የማይቆምበት ከሆነ ለምን አቋም አስተማሩኝ? ስድስት ወር ሙሉ ምን ስሠራ ነበር? የምታውቁ አስረዱኝ።

---

ስለታም (ሽቱትጋርት)

እንኳን ደህና መጣህ ወንድሜ። እኔ ሰባት ዓመት ሆነኝ። የቲማቲሙን ጣት ሁላችንም አልፈንበታል፤ አይዞህ።

አስተማሪህ ልክ ነው። አንተም ልክ ነህ። መጀመሪያ እያንዳንዱ አቋም ለምን እንደተሠራ እንይ።

ፎም ታግ ቀላሉ ነው። ግራ እግር ፊት፣ ሰይፉ ቀኝ ትከሻ ላይ ወይም ከራስ በላይ። ለመምታት የተዘጋጀ ሰው ነው። ገጠር ዱላውን ትከሻው ላይ አድርጎ የሚቆም ሰው አይተህ ታውቃለህ አይደል? እሱ ነው። ብዙ አልልበትም።

አልበር ተቃራኒው ነው። ቀኝ እግር ፊት፣ ክንድ የተዘረጋ፣ የሰይፉ ጫፍ ከፊትህ ወደ መሬት። ጭንቅላትህም ደረትህም ባዶ ነው። ስሙ ቂል ማለት ነው። ለምን ቂል እንደተባለ እዚህ መድረክ ላይ ሺህ ጊዜ ተጨቃጭቀናል። እኔ የምለው፣ ቂል መስሎ ሰው የሚጠራ አቋም ነው። "ና ምታኝ" ይላል። የመጣውን ከታች ወደ ላይ ይቀበለዋል። የምር ቂል ሆኖ የሚቆምበትም አለ፤ እሱ ራሱን ነው የሚጎዳው።

ቁም ነገሩ ያለው ኦክስና ፕፍሉግ ላይ ነው። ኦክስ በሬ ነው። በቀኝ ስትቆም ግራ እግርህ ፊት ነው። እጀታው ከጭንቅላትህ ጎን ከፍ ይላል፤ አውራ ጣትህ ከሰይፉ ስር ይገባል፤ ጫፉ ወደ ተጋጣሚህ ፊት ያነጣጥራል። የበሬ ቀንድ። ፕፍሉግ ደግሞ ማረሻ ነው። እጀታው ወገብህ ጋ ወርዷል፣ ጫፉ ግን አሁንም ወደ ፊቱ። ሁለቱም በቀኝም በግራም አሉ። በግራ ሲሆን ቀኝ እግር ይቀድማል።

አሁን አስተውል። ከኦክስ ወደ ፕፍሉግ ስትወርድ የሚንቀሳቀሰው እጅህ ነው። ጫፉ ቦታውን አይለቅም። ሁልጊዜ ሰውዬው ፊት ላይ ነው። ኦክስ ከቀበቶ በላይ ያለውን ይሸፍንልሃል፣ ፕፍሉግ ከቀበቶ በታች ያለውን። ግራና ቀኝ ስትጨምርበት አራት ቦታ ሆነ። መጻሕፍቱ "አራቱ ክፍት ቦታዎች" ይሏቸዋል፤ ሰው የሚመታው ከአራቱ በአንዱ ነው። ስለዚህ አቋም ማለት አንዱን በር ዘግተህ ሌላውን ክፍት መተው ነው። የትኛውን እንደተውክ ካላወቅክ ሌላው ያውቅልሃል።

አንተ ኦክስ ላይ ስትቆም ምን ተውክ? እጅህን። ወደ ፊት የወጣው እሱ ነው፣ ለተጋጣሚህም የቀረበው እሱ ነው። ያቺ ልጅ ጭንቅላትህ ድረስ ለምን ትደክማለች?

---

ነገረኛው (ዱባይ)

ጎራዴና ሾተል የያዙ አያቶች እያሏችሁ የጀርመን በሬ ትኮርጃላችሁ። ጉድ ነው ዘንድሮ።

---

ስለታም (ሽቱትጋርት)

አያቶቻችን የያዙት ጎራዴ ላይ ሶሊንገን የተሠራ ስለት ሞልቷል ወዳጄ። ሶሊንገን ደግሞ ጀርመን ነው። ሙዚየም ገብተህ ስለቱን ገልበጥ አድርገህ እይ። እነሱ ከጀርመን ለመግዛት ካላፈሩ እኔ ለመማር ምን አሳፈረኝ?

---

ፊደል_ቆጣሪዋ (ላይፕሲግ)

ሰላም። እኔ ሰይፍ ይዤ አላውቅም፣ የማጠናው የድሮ ጀርመንኛ ጽሑፍ ነው። ግን የአዲስ ገቢ ጥያቄ ቃሉ ላይ ስላለ ዝም ማለት አቃተኝ።

"አቋም" የሚለው ትርጉም ነው ያሳሳተህ። መጻሕፍቱ እነዚህን አራቱን የሚጠሩበት ቃል ሌገር ነው። ሌገር ሠራዊት የሚያርፍበት፣ ድንኳን የሚተከልበት ቦታ ነው። እኛ ለዚህ የተሰፋ የሚመስል ቃል አለን፤ ሰፈር። ዛሬ ሰፈር ስንል ቤታችን ያለበትን ነው የምናስበው። መነሻው ግን የጦር ሰፈር ነው። ጦር ሰፍሮ ያድራል፣ ጠዋት ይነሳል። ሰፈር ይዞ የሚዋጋ የለም። ከሰፈር ተነስተህ ትሄዳለህ፣ ወይ ተዋግተህ ወደ ሰፈር ትመለሳለህ። እንግዲህ "አራቱ ሰፈሮች" ብለህ አስባቸው፤ ግማሹ ጥያቄህ ይፈታል።

የትምህርቱ ምንጭ ዮሐንስ ሊሽተናወር የሚባል መምህር ነው። እሱ ያስተማረው በግጥም ነው። አጫጭር፣ ቤት የሚመቱ ስንኞች። ተከታዮቹ ራሳቸው እንደሚሉት፣ ጥበቡ ያልተገባው ሰው እጅ እንዳይወድቅ በተሸፈነና በተደበቀ ቃል ተገጠመ። ሰምና ወርቅ ላደገ ሰው ይሄ እንግዳ አይደለም። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ እንደ ሲግሙንድ ሪንጌክ ያሉ መምህራን መጡና ስንኙን አንድ በአንድ ፈቱት። መጀመሪያ ስንኙን ይጽፋሉ፣ ቀጥሎ "ይህ ማለት" እያሉ ያብራራሉ። የቆሎ ተማሪ የነበረ ሰው ቢያየው ንባብና አንድምታ ነው የሚለው። እኔ መጀመሪያ ሳነብ አያቴ ዳዊት ስታስፈታኝ ትዝ አለችኝ።

ስለ አራቱ ሰፈሮች የሚናገረው ስንኝ ራሱ አጭር ነው። ባጭሩ፣ አራቱን ብቻ ያዝ፣ ተራው ሰው ከሚቆምባቸው ሽሽ ይላል። ስማቸውን ይዘረዝራል፣ አበቃ። እንዴት እንደሚቆም የሚነግርህ አንድምታው ነው።

አሁን ደግሞ ለአንተ ስጦታ አለኝ። ስለዚህ ትምህርት ከሚናገሩት ጥንታዊ ጽሑፎች አንዱ፣ በቁጥሩ 3227ኤ የሚባለው ጥራዝ፣ ያለው ያንተው ከተማ ነው። ኑረምበርግ፣ ጀርመኒሸስ ናሲዮናልሙዚየም፣ ኦፐርንሃውስ ባቡር ጣቢያ አጠገብ። እዚያ ጥራዝ ውስጥ የሊሽተናወር ነው የተባለ አባባል አለ። በአማርኛ "የተኛ ሞቷል፣ የተንቀሳቀሰ ገና በሕይወት አለ" እንደማለት ነው። አስተማሪህ "አትቁም" ያለህ ከራሱ አምጥቶ አይደለም።

---

አዲስ_ገቢ (ኑረምበርግ)

እህቴ ፊደል ቆጣሪዋ፣ በዚያ ሙዚየም በር በየቀኑ ነው የማልፈው! ገብቼ አላውቅም እኮ። ሰፈር የሚለው በጣም ገባኝ።

ግን አሁንም አንድ ነገር አለ። ሰፈር ከሆነ የምነሳበትን አወቅኩ። የምሄድበትስ?

---

ጋሽ_ሞፈር (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ልጆች፣ እኔ ሰባ ዓመት ያለፈኝ ሰው ነኝ። የልጅ ልጄ ነው ይህን ጨዋታ ያሳየኝ። ስለ ሰይፉ አላውቅም። ስለ ማረሻ ግን ጎጃም ውስጥ በሬ ጠምጄ ያደግሁ ስለሆንኩ ትንሽ ልናገር።

ስዕሉን የልጅ ልጄ በስልኩ አሳየኝ። ፕፍሉግ የምትሉትን። እኔ ያየሁት ሞፈር ነው። ሞፈር ከገበሬው በኩል ከመሬት ይነሳል፣ ቀስ እያለ ሽቅብ ወጥቶ በሬው ጫንቃ ላይ ቀንበሩን ያገኛል። ሰይፉም ከዚያ ልጅ ወገብ ተነስቶ ሽቅብ ወደ ሰውዬው ፊት ወጥቷል። አንድ ነው። የጀርመን ማረሻ እንዴት እንደሆነ አላየሁም፣ በእኛ ግን እንዲህ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። እርሻ ላይ እርፉን በጉልበት የሚጨብጥ ሰው ልምድ የሌለው ነው። ክንዱን ገትሮ ይጫነዋል። ድንጋይ ሲያገኝ ማረሻው ይዘላል፣ እሱም አብሮ ይዘላል። ልምድ ያለው ዘና አድርጎ ይይዝና መሬቱን በእጁ ይሰማዋል። ጠጠር ሲሆን ያነሳል፣ ሲለሰልስ ይጫናል። እናንተስ ብረት ለብረት ሲገናኝ እንዲህ ያለ ነገር የላችሁም?

---

ስለታም (ሽቱትጋርት)

ጋሼ፣ እጅ ነስቻለሁ። የተናገሩትን ጀርመኖቹ ፊውለን ይሉታል። ቃሉ ራሱ መዳሰስ፣ በእጅ መሰማት ነው። ሁለት ሰይፍ ሲነካካ ሌላው ጠንክሯል ወይስ ላልቷል የሚለውን በዓይን ሳይሆን በእጅ ማወቅ። ሲጠነክር ትለቅለታለህ፣ በሌላ በኩል ትገባለህ። ሲላላ በቀጥታ ትገፋለህ። ሰባት ዓመት የተማርኩትን በአንድ ድንጋይ ነገሩኝ።

አዲስ ገቢ፣ "የምሄድበትስ?" ላልከው መልሱ እዚሁ አለ። ሐሙስ የምትሞክረው አንድ ነገር ልስጥህ። አብዘጽን ይባላል፣ ገሸሽ ማድረግ። ቀስ ብለህ፣ ማስክ አድርገህ።

ቀኝ ፕፍሉግ ላይ ሁን። ግራ እግርህ ፊት። ጓደኛህ ከላይ ወደ ግራ ጭንቅላትህ ትምታ። አንተ ወደ ኋላ አትሽሽ። ሰይፏንም ልትመታ አትወርወር። እጀታህን ወደ ግራና ወደ ላይ አንሳው፣ በቀኝ እግርህ ወደፊት ግባ። ጫፉ ግን ከፊቷ አይነሳ። የሷ ምት ያንተ ሰይፍ መስቀሉ (እጅ የሚከልለው አግድም ብረት) አጠገብ ያለው ወፍራም ክፍል ላይ ያርፋል። ጫፍህ ደግሞ ማስኳ ላይ ደርሷል። መከላከልህና መውጋትህ አንድ እንቅስቃሴ ሆነ።

አሁን ባለህበት ቆመህ ራስህን እይ። እጅህ ከፍ ብሏል፣ ሰይፉ በግራ በኩል ነው፣ ጫፉ ፊቷ ላይ ነው፣ ቀኝ እግርህ ፊት ነው። የት ነው ያለኸው?

ግራ ኦክስ ላይ!

ኦክስ ላይ ቆመህ አልጠበቅካትም። እሷን እየወጋህ ኦክስ ላይ ደረስክ። ከፕፍሉግ ተነስተህ ኦክስ ገባህ። ስድስት ወር የተማርከው ይሄን ነው። መስታወት ፊት የተማርከው መድረሻህን ነው። አሁን መንገዱን ትማራለህ።

---

ሐይፋ_ወደብ (ሐይፋ)

እኔ ኦሎምፒክ ላይ ያለውን ዘመናዊውን ነው የተጫወትኩት፣ ኢፔ። እኛ ጋ መቆሚያው አንድ ነው፤ መመከቻዎቹ ናቸው ስምንት ቁጥር ያላቸው። ሁልጊዜ ሰይፍህ ከፊትህ ነው። የናንተው ሰይፉን ከኋላ ወይ ከላይ ማድረጉ ለእኔ እብደት ነበር የሚመስለኝ። በዚያ ላይ ከራስ በላይ አድርጎ መቆም፣ ሰውነትን ሙሉ አሳልፎ መስጠት። ይሄ በእውነት ይሠራል?

---

ስለታም (ሽቱትጋርት)

ይሠራል፣ ርቀትህን ካወቅክ። ኢፔ ክብደቱ ቀላል ነው፣ መውጋት ብቻ ነው፣ ስለዚህ ፊት መሆኑ ያዋጣል። የእኛ ደግሞ ይቆርጣል። ለመቁረጥ መነሻ ቦታ ይፈልጋል። ፎም ታግ ላይ የቆመ ሰው አንድ እርምጃ ካልገባህበት በቀር አትደርስበትም፤ ያቺን እርምጃ ስትገባ ነው እሱ የሚወርድብህ።

ደግሞ አንዱም አቋም መፍትሔ አልባ አይደለም። ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም፣ ለእኔ ከሁሉም የሚጣፍጠው ክፍል ነው። ሊሽተናወር አምስት ዋና ዋና ምቶች አሉት። ከአምስቱ አራቱ እያንዳንዳቸው አንድ ሰፈር ያፈርሳሉ። ቁልፍና ጓጉንቸር።

ኦክስን የሚያፈርሰው ክሩምፕሃው ነው፣ ጠማማ ምት። ወደ ጎን ወጥተህ፣ ክንድህን አጠላልፈህ እጁ ላይ ትጥላለህ። አዲስ ገቢ፣ ያቺ ልጅ የምታደርግህ ይሄን ነው። አውቃ ይሁን ሳታውቅ፣ ከ1400ዎቹ መጻሕፍት ላይ ነው የምትመታህ። ክብር ነው በለው።

ፎም ታግን ጽቬርህሃው ያፈርሰዋል፣ አግድም ምት። እጀታህ ከራስህ በላይ ፊት ፊት እየሄደ ከላይ የሚመጣውን ይሸፍናል፣ ስለቱ በአግድም ጭንቅላቱን ይፈልጋል። ፕፍሉግን ሺልሃው። ሺለን መንሸዋረር ነው፤ ስለዚህ እኔ ሸውራራ ምት እለዋለሁ። ሰይፉ መሃል መንገድ ላይ ተገልብጦ በኋላኛው ስለት ይመታል። አልበርን ሻይተልሃው፣ የአናት ምት። ይሄ የሒሳብ ጉዳይ ነው። እሱ እጁን ዝቅ አድርጓል፣ አንተ ከትከሻህ ከፍታ ክንድህን ዘርግተህ ትመታለህ። ከትከሻ ቀጥ ብሎ የተዘረጋ ክንድ ወደ ታች ከተዘረጋው የበለጠ ሩቅ ይደርሳል። እሱ ሳይደርስብህ አንተ ደረስክበት።

አምስተኛው ጾርንሃው ነው፣ የቁጣ ምት። ከቀኝ ትከሻ ሰያፍ የሚወርደው፣ ሰው ሁሉ ሲናደድ ሳይማር የሚመታው። እሱ ሰፈር አያፈርስም፣ ከላይ የሚመጣ ምት ነው የሚያፈርሰው።

ስለዚህ ሰውዬው አንድ ሰፈር ላይ ተደላድሎ ከተቀመጠ መልሱ ተጽፎ አለ። የሚያስቸግረው የሚንቀሳቀሰው ነው። ቁልፉን እያዘጋጀህ ጓጉንቸሩ ይቀየራል።

---

ነገረኛው (ዱባይ)

አዲስ ገቢ ላይ ደረሰበታ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም!

---

አዲስ_ገቢ (ኑረምበርግ)

😂 ነገረኛው፣ ዛሬ ልክ ነህ። ይሄን ተረት ክለብ ውስጥ ተርጉሜ ልነግራቸው ነው።

---

ጥርጣሬ (ቪየና)

የአራቱን ነገር አታካብዱት እንጂ። ዮአኪም ማየር በ1570 ሽትራስቡርግ ላይ ባሳተመው መጽሐፍ ስንት አቋም አለ! ቁልፍ አለ፣ ባለ አንድ ቀንድ አለ፣ የብረት በር አለ፣ ረጅም ጫፍ አለ። የሃንስ ታልሆፈርን ስዕሎችማ ብታዩ ሰዎቹ የማይቆሙት አቋም የለም። አራት ብቻ ነው ማለት ሃይማኖት ማድረግ ነው።

---

ፊደል_ቆጣሪዋ (ላይፕሲግ)

ጥርጣሬ፣ ያልከው እውነት ነው፣ ግን ጊዜውን አትቀላቅል። ታልሆፈር የ15ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ነው፣ ማየር የ16ኛው። ማየር ራሱ አራቱን ዋና አድርጎ አስቀምጦ ነው ሌሎቹን ከእነሱ የሚያወጣው። እሱም ምት ሲያስተምር ሰውዬው ከአንዱ አቋም ወጥቶ በሌላው ሲያልፍ ነው የሚያሳየው። ምት መጀመሪያው አንድ አቋም፣ መሃሉ ሌላ፣ መጨረሻው ሌላ። እንዲያውም ስለታም ከላይ ያለውን ነው የሚያጠናክርልህ።

የታልሆፈር ስዕል ደግሞ ሌላ ችግር አለበት። ጽሑፉ በጣም ጥቂት ነው። አንድ ቅጽበት ብቻ ታያለህ፤ ከየት መጣ፣ ወዴት ሄደ አይነግርህም። ሮም ያለው፣ በ1452 የተጻፈው የዚሁ ትምህርት ጥራዝም መጀመሪያው ላይ አራቱ ሰፈሮች በቀለም ተስለዋል። ያምራሉ። እንደዚህ አዲስ ገቢ ያሉትን ሰዎች ፎቶ ተነሺ ያደረጋቸው ስዕል ነው ባይ ነኝ። ስዕል መንቀሳቀስ አይችልም፣ ምን ያድርግ።

በነገራችን ላይ ያንን የኑረምበርጉን 3227ኤ በ1389 የተጻፈ ነው ብሎ የሚለጥፍ ብዙ ነው። ቁጥሩ የመጣው ጥራዙ ውስጥ ካለ የቀን መቁጠሪያ ነው። የቀን መቁጠሪያው እዚያ ዓመት አካባቢ ጀመረ ማለት መጽሐፉ ያን ዓመት ተጻፈ ማለት አይደለም። እባካችሁ እንደ ልደት ሰርተፊኬት አትጥቀሱት።

---

ጥርጣሬ (ቪየና)

ተቀብያለሁ። ስለ ታልሆፈር ያልሽውን ግን አልቀበልም፤ ሌላ ክር እከፍትበታለሁ።

---

ኮተቤ_ልጅ (አዲስ አበባ)

ጓዶች፣ እዚህ ክለብ የለንም፣ ፌደር የለንም፣ ማስክ የለንም። ግን አንብቤ አንብቤ ሰውነቴ በላኝ። በምን ልጀምር? ታናሽ ወንድሜም አለ፣ እሱን መምታት ስለምፈልግ ተጋጣሚ አይቸግረኝም።

---

ስለታም (ሽቱትጋርት)

ወንድምህን ተወው! ያለ ማስክ ማንም ማንንም አይምታ፣ በእንጨትም ቢሆን። የዓይን ነገር ቀልድ የለውም።

ለብቻህ ግን ብዙ መሥራት ትችላለህ። የመጥረጊያ እንጨት ውሰድ፣ 120 ሴንቲ ያህል ይሁን። ከታች ስንዝር ተኩል ያህል ላይ መስመር አስምርበት፣ እሱ እጀታህ ነው። ቀኝ እጅ መስመሩ ጋ፣ ግራ እጅ ከታች ጫፉ ጋ። ግድግዳ ላይ በፊትህ ከፍታ አንዲት ነጥብ በኖራ አድርግ። ሦስት እርምጃ ራቅ በል።

ከዚያ ከቀኝ ፕፍሉግ ወደ ግራ ኦክስ፣ እግርህን እየቀየርክ። ወደ ግራ ፕፍሉግ ውረድ። ወደ ቀኝ ኦክስ ውጣ፣ እግርህን እየቀየርክ። ቀስ ብለህ። የእንጨቱ ጫፍ ከነጥቧ ከወጣ ተሳስተሃል፣ ከመጀመሪያው። ሃያ ጊዜ ሳትስት ስትሠራ ከፎም ታግ ምት ጀምርና መጨረሻህ አልበር ላይ ይሁን። ምቱ ሲያልቅ ራስህን አልበር ላይ ታገኘዋለህ፣ ማንም ሳያቆምህ።

አምፖል ከላይ እንዳለ አትርሳ። እኔ ሳሎን ውስጥ ሁለት ሰብሬያለሁ።

---

ጋሽ_ሞፈር (ሲልቨር ስፕሪንግ)

እንጨቱ ወይራ ቢሆን ይሻላል። የመጥረጊያ እንጨት ይሰነጠቃል።

---

ኮተቤ_ልጅ (አዲስ አበባ)

እሺ ጋሼ። ወይራ የት አገኛለሁ ኮተቤ ላይ እንጂ፣ እፈልጋለሁ። ግቢ ውስጥ ነው የምሠራው፣ አምፖል የለም፣ ዶሮ ግን አለ።

---

አዲስ_ገቢ (ኑረምበርግ)

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሪፖርት ይዤ መጥቻለሁ።

መጀመሪያ ሙዚየሙ። እሑድ ከባለቤቴ ጋር ሄድን። ሰይፎቹ ፊት ቆሜ እጄን ወደ ወገቤና ወደ ጭንቅላቴ ሳነሳ ሳወርድ ጥበቃው ከሩቅ ሲያየኝ ነበር። ባለቤቴ "አላውቀውም" ብላ ወደ ሌላ ክፍል ሄደች። በኋላ ሳነብ ደግሞ፣ ማርክስብሩደር የሚባሉት የሰይፍ መምህራን ማኅበር ከንጉሠ ነገሥት ፍሬድሪክ 3ኛ የፈቃድ ደብዳቤ ያገኙት በ1487 እዚሁ ኑረምበርግ ውስጥ ነው። እኔ አምስት ዓመት ዳቦ የምገዛበት ከተማ!

አሁን ወደ ሐሙስ። አስተማሪውን አብዘጽን ልሥራ አልኩት። ሳቀና "ማን ነገረህ?" አለኝ። "አንድ ገበሬና አንዲት ፊደል ቆጣሪ" አልኩት። አልገባውም። ከዚያቺው ልጅ ጋር አቆመኝ። መጀመሪያ አሥር ጊዜ ቀስ ብለን ሠራን። አራት ጊዜ ጫፌ ከፊቷ ወጣ፣ ስድስት ጊዜ ማስኳ መሃል ላይ ተቀመጠ። ፌደሩ ለመጥ ሲል ያለው ስሜት... አልነግራችሁም።

ከዚያ ግጥሚያ። ፕፍሉግ ላይ ነበርኩ፣ ግን አልተከልኩም። ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ትንሽ ወደ ኦክስ፣ መልሼ። ሰይፏ ትከሻዋ ላይ ነው፣ ዓይኗ እጄን እየፈለገ ነው። ገባች። ከላይ መታች። እኔ ሳላስበው እጄ ወደ ግራ ተነሳ፣ እግሬ ገባ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጫፌ ማስኳ ላይ! ግራ ኦክስ ላይ ነበርኩ። ስለታም፣ ባየኸኝ!

እና ምን አደረግኩ? ደስ አለኝ። እዚያው ቆምኩ። እንደዚያው፣ እጄ ከፍ ብሎ፣ እየሳቅኩ። ዳኛው ገና "አቁሙ" አላለም።

ጧ! አውራ ጣቴን።

ሌላ ጓንት ያስፈልገኛል። ይሄኛውን ርካሽ ነው ብዬ ከአንድ ኦንላይን ሱቅ ነበር ያዘዝኩት፣ የአውራ ጣቱ ስፌት ተተርትሯል። ጣት የሚተርፍበት፣ ግን የሚታጠፍ ጓንት የምታውቁ?

---

ስለታም (ሽቱትጋርት)

እንኳን ደስ ያለህ! ለጓንቱ በግል እጽፍልሃለሁ፣ የእጅህን ስፋት በሴንቲ ለክተህ ጠብቀኝ። አውራ ጣትህን አብጦ እያለ አትለካ።